የስልኩ አባዬ

ሹፌሩ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውረሃል የተባለ ዕለት ባልደረቦቹ ትከሻውን እየመቱ “እንኳን ደስ ያለህ!” አሉት። አብሮት የሚሠራው ትኬት ቆራጭ አፉ አያርፍምና “ቀድመህ ለሚስትህ ደውልላት፤ ወንድ በጊዜ ቤት ሲገባ ስታይ ሌባ ነው ብላ ጎረቤት እንዳትጠራብህ” ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። ሹፌሩም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ለዚህ ፈረቃ የስምሪት ኃላፊውን ደጅ የጠና፣ የተለማመጠ፣ አንዳንዴም የተቆጣ ሰው ነበር። አሁን ተሰጠህ ሲሉት፣ ክንዱ ላይ ተኝቶ እንደነቃ ሰው፣ የገዛ አካሉን ቢነካው ቢያሻሸው አልሰማው አለ። ያልፋል ብሎ ተወው።

ፈረቃውን የፈለገው ለልጁ ሲል ነው። ሚጢጢ ይሏታል፤ አንደኛ ክፍል ገብታም ስሙ እንደተጣበቀባት ቀርቷል። ከተወለደች ጀምሮ እሱ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ የሚመለሰው እሷ ከተኛች በኋላ ነበር። ጠዋት እሷ ስትወጣ ደግሞ እሱ ከነልብሱ ተዘርሯል። አባትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ እንደ ሩቅ ዘመድ በዕረፍት ቀን ብቻ ይጠያየቁ ነበር። ያኔም ቢሆን እሱን እንቅልፍ ያምረዋል፣ እሷን ጨዋታ።

የስልኩን ነገር ያመጣችው ሚስቱ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ ስለምትውል ቤት ስትገባ ነገር ማስረዘም አትወድም።

“ልጅህ ያለ ተረት አልተኛም ብላለች። እኔ ደግሞ ተረት ስጀምር ቀድሜያት የምተኛው እኔ ነኝ። በስልክ ቅዳላት” አለችው አንድ የዕረፍት ቀን።

“ተረት በስልክ?”

“ምን አለበት? ሰው ሠርግ በስልክ እየታደመ አይደል እንዴ?” አለችና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሹፌሩ የተገረመው ያለ ነገር አይደለም። አባቱ አናጢ ነበሩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ልጆቹ ግድግዳውን ተከትለው ይደረደራሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ከዚያ የአናጢው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ስልክ የሚባለው ነገር በሰፈሩ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ብቻ፣ ያውም ተቆልፎበት ነበር የሚገኘው። ሬዲዮናቸው በጥፊ ካልተመታ አይናገርም። ልጅ የሚያስተኛው የሰው አንደበት ነበር፤ ሕጉም አንድ ነው፤ ሰሚው በየመሐሉ “እሺ” ማለት አለበት። “እሺ” ባይ ከጠፋ ሁሉም ተኝቷል ማለት ነውና አናጢው ተረቱን እመንገድ ላይ ጥለውት ወደ አልጋቸው ይሄዳሉ። ሹፌሩ ከልጆቹ ሁሉ እንቅልፋሙ ነበር። በዚህ የተነሳ የሁሉንም ተረት መጀመሪያ አሳምሮ ያውቃል፤ የአንዱንም መጨረሻ አያውቅም። ጠይቆ እንዳይረዳ አናጢው ካረፉ ቆይተዋል።

ስለዚህ ከራሱ ፈጠረ። አውቶብሱ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተራው እስኪደርስ ይቆማል፤ ሰው ወርዶ ያልቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ሹፌሩ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ሊሳፈር ስለሞከረ ጉማሬ፣ ያለ ፌርማታዋ ስለወረደች ኤሊ፣ መስኮት አልዘጋም ስላለ ፍየል ይተርክ ጀመር። ያስቸገረው የገዛ አፉ ነው። ጥቂት ይሄድና ቀጥ ይላል። እሺ ሳይሉት መቀጠል የት ለምዶ! ባዶ ወንበሮቹ እሺ እስኪሉት ይጠብቅና፣ እንዳሉት ቆጥሮ ይቀጥላል። አንዳንዱ ዝምታ ደግሞ ይረዝማል፤ ሌላ አውቶብስ በጎኑ እያጓራ ወደ ኋላ ሲሄድ እስኪያልፍ ይታገሣልና። የጉማሬው ተረት መሐል ላይማ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ጠፍቶበት የጉድ ዝም ብሏል። ከተቀዳ ላይ እንዴት ተቆርጦ እንደሚወጣ ስለማያውቅ ሁሉንም እንዳለ ተወው። ትኬት ቆራጩ ከኋላ ወንበር ያስነጠሰውም አብሮ ገባ። ሚጢጢ እዚያ ቦታ በደረሰች ቁጥር “ይማርህ” እንደምትል ሲነገረው፣ ትኬት ቆራጩ “እኔም እኮ ጉንፋን የሚባል ነገር የተወኝ ለምንድን ነው ስል ነበር” አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጅቷ በተቀዳ ድምፅ አደገች።

የቀን ፈረቃው በተጀመረ ዕለት ሹፌሩ በጊዜ ገባ። ሌባ ብሎ የጮኸ የለም። ተጣጥቦ፣ እራቱን በልቶ፣ የሚጢጢ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ጉማሬውን ጀመረ።

“እንደሱ አይደለም” አለች ገና ሁለት ቃል ሳይናገር። “መጀመሪያ በሩ ላይ ነው የሚጣበቀው።”

“እኔ አይደለሁም እንዴ የፈጠርኩት?”

“አንተ አይደለህም። የስልኩ አባዬ ነው።”

ክፋት የለባትም፤ ሰዓት ስንት ነው ብለው ጠይቀዋት እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። እሱ ተረቱን ሲቀጥል ደግሞ “አንተ አትጠብቅም” አለችው።

“ምኑን ነው የማልጠብቀው?”

“እሺ እስክል።”

እውነቷን ነው። ሰው በሌለበት ሲጠብቅ የኖረ አፍ፣ ሰው ፊቱ ሲጋደም መጣደፍ አመጣ። ልታገሥ ብሎ ዝም ሲልም ዝምታው ያስፈራውና “ተኛሽ እንዴ?” ይላል።

“የስልኩ አባዬ ተኛሽ እንዴ አይልም” አለች። ከትራሷ ሥር የእናቷን አሮጌ ስልክ፣ ተረቶቹ የሚላኩበትን፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀውን፣ አወጣች። “አሁን እሱን ልስማ?” ብላ በትሕትና ጠየቀችው። በትሕትና ባትጠይቀው ይሻለው ነበር። ብትቆጣው እሱም ይቆጣል፣ ነገሩ የቤተሰብ ጠብ ይሆንና ይበርዳል። አሁን ግን ቦታ ተሳስቶ እንደተቀመጠ ተሳፋሪ ይቅርታ ብሎ ተነሳ።

ሚስቱ የልብስ ክምር እያጣጠፈች ነበር።

“አስወጣችህ?” አለችው።

“ሌላ ሰው ይዛለች።”

“አጥፋው በቃ። ሁለት ቀን ታለቅሳለች፣ በሦስተኛው ትረሳዋለች።”

“በገዛ ድምፄ ልቅና እንዴ?” አለ ሹፌሩ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሰው በገዛ ድምፁ ይቀናል ወይ ቢሉ፣ እንዴታ! ይቀናል። የእሱ ችግር ግን ቅናቱ እንኳ ደህና አድርጎ አለመምጣቱ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ በውስጡ የሚሰማው ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ። ምንም የለም። ከግድግዳው ማዶ የራሱ ድምፅ፣ ከአሁኑ ይልቅ ደስ ያለው የሚመስለው፣ ጉማሬውን በር ላይ ያጣብቃል።

ብዙ አልፈለገም እኮ። ልጁ አንድ ቀን፣ ሳይጠይቃት፣ ከራሷ ተነሥታ የሆነ ነገር እንድትነግረው ነው። የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። “እንዴት ዋልሽ?” “ደህና።” “ምን ተማራችሁ?” “ምንም።” “ከማን ጋር ተጫወትሽ?” “ከልጆች ጋር።” ተሳፋሪ ለትኬት ተቆጣጣሪ የሚሰጠው መልስ ማለት ነው፤ ትኬቱን አሳይቶ ፊቱን ወደ መስኮት ማዞር። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ አለ፤ መኖሩን ግን የሚያውቀው በጫማው ነው፣ በሩ ሥር ከሌሎቹ ጫማዎች ጋር ተደርድሮ ሲያየው።

አንድ ምሽት ውሃ ይዞላት ሲሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። የስልኩ ድምፅ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ደርሷል። ሚጢጢ “እሺ” አለች። ከዚያ በጥድፊያ “ዛሬ እኮ ሥዕል ስንሥል ቀይ ቀለሜን ደበቁብኝ፣ እኔም ምንም አላልኩም፣ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩና ወጣሁ” አለች። ይህን ብላ ስትጨርስ ስልኩ ተረቱን ቀጠለ። አንድ ቃል አልተሻማችውም። በሚቀጥለው ዝምታ ደግሞ ሌላ ነገረችው።

ሹፌሩ ውሃውን እንደያዘ ቀረ። ልጅቷ እያንዳንዱ ዝምታ ምን ያህል እንደሚቆይ በልቧ ይዛዋለች። አጭሩ ላይ አጭር ነገር ታወራለች፣ ረጅሙ ላይ ረጅም። ጉማሬውን ደጋግማ የምትሰማው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ትልቅ ነገር የገጠማት ቀን ትልቅ ዝምታ ያስፈልጋታል። ሞኝ አይደለችም፣ የተቀዳ ነገር እንደማይሰማ ታውቃለች። ልጅ ግን አንድን ነገር እያወቀ አለማወቅ ይችልበታል።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ሥራ አገኘ። እሷ ልትተኛ ስትገባ አጭር በርጩማ ይዞ ከበሯ አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ጋ ይቀመጥና ጫማ ይጠርጋል። የዚያ ቤት ጫማ እንደዚያ ሰሞን አብርቶ አያውቅም። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር ቀለም ተቀብቶ ስታገኘው “ደህና ነህ አንተ ሰውዬ?” አለችው። ደህና ነኝ አላት። እሱ ጆሮውን ጥሏል። ማን ማንን እንደገፋ፣ የትኛዋ ልጅ እርሳስ እንደምታኝክ፣ ማን እንግዳ ተማሪ እንደመጣ፣ ሁሉን ያውቃል። ጠዋት “እንዴት ነሽ?” ሲላት “ደህና” ትላለች፣ እሱም እንደማያውቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ደስ ይለው ነበር? እንጃ። ሌላ ሰው ሲበላ በመስኮት እያየ እንደሚቆም ሰው፣ መራቡን ራሱ የረሳው ይመስል ነበር።

አንድ ማታ ጉማሬው ተከፈተ። ረጅሙ ዝምታ ሲደርስ ሚጢጢ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሹፌሩም የያዘውን ብሩሽ አቆመ።

“እሺ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አይታየኝም። ነጭ ነጭ ነገር ብቻ ነው። በፊት፣ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ታሳየኝ ነበር፤ አሁን ወሬ አበዛችሁ ተብለን ተለያየን። ዝም ብዬ የሆነ ነገር እጽፋለሁ። መነጽር ካደረግሁ አራት ዓይን ይሉኛል። ለአባዬ እንዳትነግረው።”

ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሹፌሩ ድምፅ፣ ያኔ ተረቱ ጠፍቶበት ሲፈልግ ቆይቶ እንዳገኘው፣ “እሺ... ከዚያማ ጉማሬው ቀና አለና...” ብሎ ቀጠለ።

እሺ አላት። ሹፌሩ በገዛ ጆሮው ሰማ። የማያውቀውን ነገር፣ ገና ድሮ፣ ባዶ አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብሎ በገዛ አፉ ቃል ገብቶላታል።

ብሩሹን አስቀመጠ። ቀኑን ሙሉ መንገድ እያየ የሚኖር፣ በየጊዜው ዓይኑን የሚመረመር ሰው ነው፤ ልጁ ግን አጠገቡ እየኖረች እየታወረች መሆኑን በር ሥር ተደብቆ ሰማ። መስማቴን ልንገራት ቢል የምታወራበት ቦታ ይዘጋባታል። ዝም ልበል ቢል ዓይኗ ነው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ምን ሊላት ነው? ጫማ ስጠርግ ሰማሁ?

መጨረሻ ላይ ዘዴ ፈጠረ። “የሹፌር ቤተሰብ ሁሉ ዓይኑን ይመርመር ተብሏል” አለ እራት ላይ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ እንዲህ ያለ ደንብ ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ማስረዘም ስለማትወድ ተወችው። በዕረፍት ቀኑ ልጁን ይዞ ሄደ። የዓይን ሐኪሟ ከሩቅ ሥዕል እያሳየች “ይሄ ምንድን ነው?” ስትላት ሚጢጢ በግምት “አውቶብስ” አለች። ቤት ነበር። “ይሄስ?” “ኤሊ።” ጃንጥላ ነበር። ሐኪሟ ሳቀችና ሹፌሩን አየችው፤ ያየችው ግን በሳቅ ዓይን አልነበረም። “እስከ ዛሬ አይታየኝም ብላ አታውቅም?” አለችው። ሹፌሩ “አትናገርም፣ ዝምተኛ ናት” አለ።

መነጽር መሸጫው ውስጥ ሚጢጢን መስተዋት ፊት አስቀመጧት። ባለሱቁ አንዱን አንሥቶ አንዱን ያደርግላታል፤ እሷ ግን ራሷን ላለማየት ጉልበቷን ታያለች። የሹፌሩን አንጀት በላችው። ሊያጽናናት ፈልጎ፣ ምንም ሳያስብ፣ “አይዞሽ” አላት። “አራት ዓይን የሚልሽ ካለ እኔ አለሁልሽ።”

ሚጢጢ ቀና አለች። በአዲሱ መነጽር ውስጥ ዓይኖቿ ተለቅ ብለዋል። መስተዋቱ ውስጥ አየችው።

“እሱን እኮ ለማንም አልነገርኩም” አለች።

ሹፌሩን ቃሉ አምልጦታል። አሁን ምላሱን ቢነክስ ምን ዋጋ አለው?

“ነገረህ” አለች። “እሺ ብሎኝ ነበር እኮ።”

ይሄን ጊዜ እውነቱን ማውጣት ይችል ነበር። “እሱ ምንም አላለኝም፣ በር ሥር ተቀምጬ ያዳመጥኩት እኔ ነኝ” ማለት ምን ያህል ያስቸግራል? አፉን ከፈተም። ባለሱቁ መሐል ገባና “ይሄኛው በጣም ያምርባታል” አለ፤ ሹፌሩም “ያምርባታል” አለ። ስልኩ ጥፋተኛ ሆኖ ቀረ። ስልክ እንደሆነ ደግሞ ወሬ ማቀበል ሥራው ነው፤ ለልጅ ይህን ማመን አይከብድም።

በዚያው ምሽት ሚጢጢ አሮጌውን ስልክ ለእናቷ አምጥታ ሰጠች። “አልፈልገውም” አለች። እናቷ ደንግጣ “ተበላሸ?” ስትላት “አይ” አለች። አላለቀሰችም፣ ምክንያትም አልተናገረች። ሚስቱ ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታ ወደ ባሏ ዞረችና “አየህ? ይረሳል ብዬህ አልነበር?” አለችው። ደስ ብሏታል፤ ለእሱ ብላ ነው ደስ ያላት።

መነጽሩ ሠራ። ሰሌዳው ታያት። ከልጆቹ አንዱ አራት ዓይን አላት፤ በሳምንቱ ያ ልጅ ራሱ ጥርሱ ወልቆ መሳቂያ ሆነና የእሷ ተረሳ። እነዚህን ሁሉ ሹፌሩ የሰማው ከአስተማሪዋ ነው። በርጩማው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ጫማውም እንደ ድሮው አቧራ ይዟል። ምሽት ላይ አልጋዋ ጫፍ ይቀመጣል፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች፣ እሱ ግድግዳውን። ልተርክልሽ ሲላት “አይ፣ ግድ የለም” ትላለች። መቼም ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቶ ይጸጸታል። እሱ ጸጸቱንም ጠብቆ አጣው። መሪ ይዞ ይውላል፣ ይገባል፣ ይበላል፣ አልጋው ጫፍ ይቀመጣል። ቢያንስ መቀመጡን አልተወም።

ከዕለታት አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠው ሳለ፣ ምንም ሳይጠይቃት “አባዬ” አለችው።

“ወዬ።”

“ለአንተ አንድ ነገር ብነግርህ ለእሱ አትነግረውም?”

“ለማን?”

“ለስልኩ አባዬ። እሱ ወሬኛ ነው።”

ሹፌሩ የስምሪት ኃላፊውን ደጅ የጠናው ለዚህች ደቂቃ ነበር። ደስታው መምጣት ካለበት አሁን መምጣት አለበት። ጠበቀው። ልጁ ወደ እሱ ዞራለች፤ ዓይኗ ያለ መነጽር ጭፍን ጭፍን እያለ ፊቱን ትፈልጋለች።

“አልነግረውም” አላት።

“እውነት?”

“እውነት።”

በክርኗ ተነሣች፤ አንገቱን ሳብ አድርጋ አፏን ጆሮው ላይ ገጠመች። ትንፋሽዋ ይሞቃል።

“ናፍቆኛል” አለችው በሹክሹክታ። “እንዳትነግረው ግን።”

ሹፌሩ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላት። መብራቱን ለማጥፋት ሲነሣ እጁ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥቶ ግድግዳውን ሲዳብስ ቆየ።

“አልነግረውም” አላት በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር።